ለግቢ እንጨት ቤት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መጋዝ የቱ ይሁን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። በግቢዬ ውስጥ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ሰርቪስ ክፍል አለችኝ። በትርፍ ጊዜዬ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ አልጋና በር ለራሴ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ፤ እጄ ከተፍታታ በኋላ ለሌላ ሰውም ልሠራ እችላለሁ። በብዛት የምጠቀመው የባሕር ዛፍ ጣውላና ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሉህ) ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ የጠረጴዛ መጋዝ ልላክልህ ትለኛለች። የሰፈራችን አናጺ ደግሞ «ግራይንደር ግዛና የእንጨት ዲስክ ግጠምበት፣ ይበቃሃል» አለኝ። ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጠው) ይሻላል የሚሉኝም አሉ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ መጋዝ ነው፤ የቱን ላስቀድም?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ መልሴን ላስቀድምና ምክንያቱን ላስከትል። በእርስዎ ክፍል፣ በእርስዎ እንጨትና በእርስዎ አቅም መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው የዲስኩ ስፋት 185 ወይም 190 ሚሊ ሜትር የሆነ የእጅ ክብ መጋዝ ነው፤ በየሱቁ ሰርኩላር ተብሎ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ከእርሱ ጋር አንድ ጥሩ ዲስክ፣ እንጨት ጨምቀው የሚይዙ ሁለት ሞርሳ እና በገዛ እጅዎ የሚሠሩት አንድ መምሪያ ያስፈልግዎታል። የጠረጴዛ መጋዙ ጊዜው ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ከአሜሪካ ባይመጣ እመርጣለሁ። የግራይንደሩን ምክር ግን ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይሞክሩት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

አብዛኛው ሰው መጋዝ ለመግዛት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን፣ ቀጥሎም ዋጋውን ነው። እኔ ሥራውን ለሚማሩ ወጣቶች ሁልጊዜ የማስቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በሚቆረጥበት ጊዜ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው ወይስ መጋዙ? በጠረጴዛ መጋዝና በባንድ ሶ (ምላጩ እንደ ቀበቶ በሚዞረው) መጋዙ ባለበት ቆሞ እንጨቱ ወደ እርሱ ይገፋል፤ በእጅ ክብ መጋዝ፣ በጂግሶና በማዕዘን መቁረጫ ደግሞ እንጨቱ ታስሮ መጋዙ ይሄዳል። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የክፍሉን ስፋት፣ የረዳቱን አስፈላጊነት፣ የቁርጡን ጥራት፣ ከሁሉም በላይ አደጋው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ የሚወስነው እርሱ ነው።

በእርስዎ ክፍል ላይ እናስላው። አንድ የኤምዲኤፍ ሉህ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 1.22፣ ርዝመቱ 2.44 ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ይህን ሉህ በጠረጴዛ መጋዝ በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ከዲስኩ በፊት 2.44 ሜትር፣ ከዲስኩ በኋላም ሌላ 2.44 ሜትር ባዶ ቦታ መኖር አለበት፤ የራስዎን መቆሚያ ሲጨምሩበት ከ5 ሜትር ተኩል ያላነሰ ርዝመት ይጠይቃል። የእርስዎ ክፍል ረጅሙ ጎኑ 4 ሜትር ነው። በሩን ከፍተው ግማሹን ሉህ ወደ ግቢ ቢያወጡት እንኳ 40 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሰው እጅ ሚዛኑን ሳይስት ወደሚሽከረከር ዲስክ መግፋት ለልምድ ያለውም የሚከብድ ሥራ ነው። የእጅ ክብ መጋዝ ከያዙ ግን አራት ሞራሌ መሬት ላይ አጋድመው፣ ሉሁን በላያቸው ዘርግተው፣ አምስት ኪሎ የማይሞላውን መሣሪያ በሉሁ ላይ ማስኬድ ብቻ ይቀርዎታል። ከባዱ ተኝቶ ቀላሉ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ «ሰርኩላር ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም» የሚል ነው። በባዶ እጅ ከተያዘ እውነት ነው፤ እኔም በእርሳስ መስመር ላይ በዓይን እየመራሁ ከቆረጥኳቸው ውስጥ ለቁም ሣጥን በር የሚሆን ቀጥተኛ ጠርዝ ያገኘሁበትን ጊዜ አላስታውስም። መፍትሔው መምሪያ ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅም ኮምፔንሳቶ ይውሰዱ። በላዩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ጠርዙ ከፋብሪካ እንደወጣ ቀጥ ያለ የ12 ሚሊ ሜትር ጣውላ በኮላና በአጫጭር ብሎን ያጣብቁ፤ በቀጥተኛው ጠርዝ በኩል የሚቀረው የኮምፔንሳቶ ስፋት ከመጋዙ እግር (እንጨቱ ላይ ከሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት) ጠርዝ እስከ ዲስኩ ካለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ይሁን። ኮላው ሲደርቅ የመጋዙን እግር ከቀጥተኛው ጠርዝ ጋር አስጠግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቁረጡት። ትርፉ ኮምፔንሳቶ ይወድቅና የቀረው ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያንን ጠርዝ በእርሳስ ምልክትዎ ላይ አስቀምጠው በሁለት ሞርሳ ማሰርና መቁረጥ ብቻ ነው። ጠርዙ እንጨቱን ከላይ ስለሚጫነው ስንጣሪውንም ይቀንሰዋል። መምሪያው የሚያገለግለው ለተሠራበት መጋዝና ለተሠራበት ዲስክ ውፍረት ብቻ መሆኑን ግን አይዘንጉ፤ ዲስኩን በሌላ ውፍረት ከቀየሩ መስመሩም ይቀየራል።

185 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ቀጥ ብሎ ሲቆም 65 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ45 ዲግሪ ሲያጋድል ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይቆርጣል። የመምሪያው 6 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ እንኳ 5 በ7 የሆነ ሞራሌ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ከዚህ ያነሰ ዲስክ ያለውን ከገዙ ለበር ጉበን የሚሆነው እንጨት ያስቸግርዎታል፤ 235 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ ለጣሪያ ሠራተኛ እንጂ ለጀማሪ እጅ ከባድና አድካሚ ነው። ከ1,200 እስከ 1,600 ዋት ያለው ሞተር ለእርስዎ ሥራ በቂ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ ልምጣ፤ ምክንያቱም ስለ መጋዝ በሌላ አገር የተጻፈው መመሪያ ሁሉ በአብዛኛው የሚያስበው የደረቀና የተረጋጋ እንጨት ነው፣ የእኛ ገበያ የሚያቀርበው ግን ያንን አይደለም። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ የግንዱ ውጫዊ ክፍል ተወጥሮ፣ መካከሉ ደግሞ ተጨምቆ ይኖራል። ተቆርጦ ጣውላ ሲሆን ያ የታመቀ ውጥረት ይፈታል፤ ጣውላው በመጋዝ በርዝመቱ እየተሰነጠቀ ሳለ ሁለቱ ግማሾች እንደ ቀስት ይጎብጣሉ። ወደ ውጭ ከጎበጡ ቁርጡ ይከፈታል፣ ምንም አይጎዳም። ወደ ውስጥ ከጎበጡ ግን ከዲስኩ ኋላ ያለው ክፍተት ይዘጋና ዲስኩን ይነክሰዋል። በደቂቃ 5,000 ጊዜ የሚዞር የ185 ሚሊ ሜትር ዲስክ ጥርሱ በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ያ ፍጥነት ሲነከስ በእጅ የያዙት መጋዝ ወደ እርስዎ ይዘላል፤ የጠረጴዛ መጋዝ ከሆነ ደግሞ የሚወረወረው እንጨቱ ነው።

ይህን በንባብ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት መለያ ብረቱ ወልቆ ጥግ በተቀመጠበት የጠረጴዛ መጋዝ ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቅሁ ሳለ ቁርጡ ተዘጋና አንድ ሜትር የማይሞላው ቁራጭ ተመልሶ ሆዴን መታኝ። ሳምንት ሙሉ ቀና ብዬ መሄድ አልቻልኩም፤ ቁራጩ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢመጣ ኖሮ ደረቴን ባገኘ ነበር። መለያ ብረት የምለው ከዲስኩ ኋላ ተጠግቶ የሚቆመውን፣ ቁርጡ እንዳይዘጋ የሚከላከለውን ስስ ብረት ነው። አንዳንድ ሠራተኞች ሥራ ያዘገያል ብለው ያወልቁታል፤ አገልግሎቱን ግን የሚያውቀው እንጨት ተመልሶ የመታው ሰው ነው።

በእጅ ክብ መጋዝ ላይ ይኸው መለያ ብረት በአንዳንዱ ሞዴል አለ፣ በአንዳንዱ የለም፤ እኩል ዋጋ ካላቸው ያለውን ይምረጡ። ከሌለው ሽብልቅ ይጠቀሙ። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከሄዱ በኋላ መጋዙን አቁመው፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መቆሙን አይተው፣ ከኋላ ባለው ቁርጥ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ ይጨምሩና ይቀጥሉ። ዲስኩን ከእንጨቱ በታች ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ አድርገው ያስተካክሉ፤ ከመጠን በላይ የወጣ ዲስክ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካው አካሉ ስለሚበዛ የመነከስ ዕድሉ ይጨምራል። ተቆርጦ የሚወድቀው ክፍል በነጻነት እንዲወድቅ፣ የሚቀረው ክፍል ግን በሁለቱም ጫፍ እንዲደገፍ አድርገው ያንጥፉ፤ መካከሉ የጎደጎደ ጣውላ በራሱ ክብደት ዲስኩን ይነክሳል። ሰውነትዎ ደግሞ ሁልጊዜ ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን የራቀ ይሁን።

ከክረምቱ በኋላ ገበያ ላይ የሚወጣው ጣውላ ብዙ ውኃ የያዘ ነው። ባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብና በጣና እርጥበት መካከል እንጨት በፍጥነት አይደርቅም። የገዙትን ጣውላ በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን ቁራጭ እንጨት እያስገቡ ደርድረውና በላዩ ላይ ድንጋይ ጭነው ለወራት ያቆዩት። የደረቀው የጎበጠውን አስቀድሞ ስላሳየ መጋዝዎ ላይ የሚያደርሰው ድንገተኛ ነገር ይቀንሳል። ዛሬ የተሰነጠቀን እርጥብ ጣውላ ዛሬውኑ የቁም ሣጥን በር ማድረግ ግን የትኛውም መጋዝ የማያድነው ስሕተት ነው።

ስለ ዲስክ ደግሞ ይህን ልበል፤ ከመጋዙ ዋጋ ቆርሰው ለዲስኩ ቢጨምሩ አይቆጭዎትም። መካከለኛ ሞተር ከስለታም ዲስክ ጋር፣ ኃይለኛ ሞተር ከደነዘዘ ዲስክ ጋር ከሚሠራው የተሻለ ይሠራል። የጥርሱ ጫፍ ካርባይድ፣ ማለትም ቶሎ የማይደነዝዝ እጅግ ጠንካራ ቁስ፣ የሆነውን ይግዙ። ለ185 ሚሊ ሜትር ዲስክ 24 ጥርስ ያለው በጅማቱ አቅጣጫ ለመሰንጠቅ፣ 40 ጥርስ ያለው ለአጠቃላይ ሥራ፣ 60 ጥርስ ያለው ፊቱ ለተለበጠ ኤምዲኤፍና ለኮምፔንሳቶ ይሆናል። ጥቂት ጥርስ ያለው ሰጋቱራውን ለማውጣት ሰፊ ጉድጓድ ስላለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሳያጨስ ይሰነጥቃል፤ ብዙ ጥርስ ያለውን በዚያ ላይ ቢጠቀሙበት እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። አንድ ብቻ መግዛት ከቻሉ ባለ 40ውን ይያዙ፤ ሁለተኛው 24 ይሁን። ሲገዙ የመካከሉ ቀዳዳ ከመጋዝዎ ዘንግ ጋር መግጠሙን፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር መጠንም ከመጋዝዎ ዙር የማያንስ መሆኑን ያንብቡ። የእጅ ክብ መጋዝ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ስንጣሪው የሚታየው በላይኛው ፊት ነው፤ ስለዚህ የሚያምረውን ፊት ወደ መሬት ደፍተው ይቁረጡ። በጠረጴዛ መጋዝና በማዕዘን መቁረጫ ይህ ይገለበጣል።

ስለ ግራይንደሩ የጠየቁኝን አሁን በግልጽ ልመልስ። አናጺው ክፉ አስቦ እንዳልመከረዎት አውቃለሁ፤ በከተማችን ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ለበሩም ለመስኮቱም ያው አንድ መሣሪያ ነው። ነገር ግን 115 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል የሚዞር፣ ለብረትና ለድንጋይ ታስቦ የተሠራ ነው። የሚገጠምለት ድንጋይ እየፋቀ ይቆርጣል፤ እንጨት ለመቁረጥ የተሠራ ጥርስ ግን እየነከሰ ይሄዳል፣ በነከሰ ቁጥርም መሣሪያውን ከእጅ ይጎትታል። መጋዙን በእንጨቱ ላይ የሚያሳርፍ እግር የለውም፣ ጥልቀት የሚወስን ነገር የለውም፣ መለያ ብረት የለውም፣ ሲለቁት ዲስኩን ራሱ የሚሸፍን ክዳንም የለውም። ይባስ ብሎ ሰፋ ያለ ዲስክ ለመግጠም ክዳኑን የሚያወልቁ አሉ፤ ያን ጊዜ በደቂቃ ለ7,000 ዙር የተፈቀደ ዲስክ በ11,000 ይዞራል፣ ጥርሱም ሊነቀልና እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። አብሮኝ የሠራ አንድ ወዳጄ የግራ አውራ ጣቱን እስከ መጋጠሚያው ያጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚቆርጠውም አጭር የኮርኒስ እንጨት ነበር። ግራይንደር ለብረት ሥራ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ለብረት ብቻ ይሁን።

ጂግሶ ጥሩ ሁለተኛ መሣሪያ ነው። ለላቫንዲኖ ቀዳዳ ለማውጣት፣ የአልጋ ራስጌ ጠምዘዝ አድርጎ ለመቁረጥ፣ ጠባብ ቦታ ለመግባት እርሱን የሚተካ የለም፤ ከሌሎቹ ይልቅም ለጀማሪ ይታዘዛል። ድክመቱ ምላጩ ቀጭንና በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ መሆኑ ነው። ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባለፈ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፤ ከላይ በመስመሩ ላይ ቢሄድም ከታች ወደ ጎን ወጥቶ ይገኛል። እርሱን ብቻ ይዞ ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ጠርዝ ሲልግ ይውላል።

የማዕዘን መቁረጫው፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች እየወረደ የሚቆርጠው ማይተር፣ የአልጋ ርብራብ፣ የበር ክፈፍ፣ የዞኮሎ ማዕዘን በተመሳሳይ ልክ ደጋግሞ ለመቁረጥ ተወዳዳሪ የለውም። በርዝመቱ ግን መሰንጠቅ አይችልም፤ የማይንሸራተተው ዓይነት ደግሞ ከ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ስፋት ያለውን ጣውላ አያልፍም። ለሰው መሥራት ሲጀምሩና አልጋ በብዛት ሲታዘዝዎ ያስቡበታል። ባንድ ሶ እንጨትን መልሶ የመወርወር ጠባዩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ወፍራም ጣውላን ወደ ስስ ለመክፈልም ያገለግላል፤ ለእርስዎ ክፍልና በጀት ግን ገና ነው።

የእጅ መጋዝንም አይናቁ። በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምትታወቅባቸው ግዙፍ የእንጨት በሮች ኤሌክትሪክ ወደዚህ አገር ሳይገባ በመጥረቢያና በእጅ መሣሪያ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ብቻ ሲኖር፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ የተሳለ የእጅ መጋዝ ካለዎት ሥራዎ አይቆምም።

እህትዎን በሚመለከት፣ አሜሪካ የሚሸጡት የጠረጴዛ መጋዞች በአብዛኛው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠሩ ናቸው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ቢሰኩት ሞተሩ በቅጽበት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን እስከ 1,800 ዋት የሚስብ መጋዝ ሲነሣ የሚጠይቀውን ኃይል እንዲችል ትራንስፎርመሩ ከ3,000 ቮልት አምፔር ያላነሰ፣ ከባድና ውድ ይሆናል። ካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል እየተነካካ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ያለው ሞተር የኸርዙ ልዩነት ብዙም አይጎዳውም፤ ካርቦን የሌለው ትልቁ ሞተር ግን ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። በጠረጴዛ መጋዙ ላይ እንጨቱ ተጠግቶ የሚገፋበት መምሪያ ልኬቱ በኢንች ነው፤ የዲስኩ ቀዳዳ 15.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እኛ ዘንድ በብዛት ያለው ዲስክ በቀላሉ አይገጥመውም። የእህትዎ ደግነት በሌላ ነገር ይጠቅምዎታል፤ በሜትር የተለካ አስተማማኝ ስኳድራ፣ ጠንካራ ሞርሳዎች፣ የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር እና ማጣሪያው የሚቀየር የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይላኩልዎ። እነዚህ ቮልት የላቸውም፣ ለዓመታትም ያገለግላሉ።

መሸፈኛውን ያነሣሁት ኤምዲኤፍ ስለሚቆርጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። የኤምዲኤፍ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ በላይ የማጣበቂያው ፎርማልዴይድ አለበት። ስለዚህ ሉህን ሁልጊዜ በግቢ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይቁረጡ፤ ይህም ለእጅ ክብ መጋዙ የሚያደላ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው፣ የጠረጴዛ መጋዝ በየጊዜው ተሸክሞ የሚያወጣ የለምና። የመጋዙ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ጆሮዎንም ይሸፍኑ። ነጠላ፣ ጋቢና ረጅም እጅጌ ከዲስክ አጠገብ አይድረስ፤ የእጅ ጓንትም እንዲሁ፣ ዲስኩ ጨርቁን ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪኩ፦ 1,400 ዋት የሆነ መጋዝ በ220 ቮልት 6.4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ከቤት እስከ ሰርቪስ ክፍልዎ በቀጭን ገመድ ከሳቡት ኃይሉ በመንገድ ይቀራል። ለምሳሌ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ 50 ሜትር ቢዘረጋ 15 ቮልት ገደማ በገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ግን የሚጠፋው ከ5 ቮልት በታች ነው። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ ከሠራ ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። ምሽት ላይ አምፖሉ ሲደክም መጋዝ አያሠሩ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሳያውቀው በኃይል ይገፋዋል፣ ዙሩ የቀነሰው ማራገቢያም ሞተሩን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። በየጥገና ቤቱ ተቃጥለው ከሚመጡት መጋዞች ብዙዎቹን የገደላቸው ይህ ነው። ካርቦኑ ከውጭ በብሎን ተከፍቶ የሚቀየር መጋዝ ይግዙ፤ ሁለት መለዋወጫ ካርቦንም አብረው ይያዙ።

መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር ካሰቡ፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቷል፤ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2,500 ዋት ተብሎ የተሸጠልዎ እዚህ 2,000 አካባቢ ነው ብለው ያስሉ። በባትሪ የሚሠራ መጋዝም አለ። ሆኖም 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 90 ዋት ሰዓት ነው፤ 1,200 ዋት ከሚስብ ሥራ ጋር ሲነጻጸር አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለጥቂት ቁርጥ ይበቃል፣ ለባሕር ዛፍ መሰንጠቅ ግን ያሳጥርብዎታል።

ያገለገለ መጋዝ የሚገዙ ከሆነ ሳይሰኩት ዲስኩን ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔቱ አልቋል። የታችኛው ክዳን ሲለቁት በራሱ ፈጥኖ መዘጋት አለበት፤ በሽቦ የታሰረበት ካዩ አይግዙት። እግሩን በቀጥተኛ ሪጋ ላይ ያስቀምጡት፤ ብርሃን ከሥሩ ካለፈ ወድቆ ተጣምሟል፣ ቀጥ ያለ ቁርጥም አይሰጥዎትም። ከዚያ ሰክተው ያስነሡት፤ በካርቦኑ በኩል ዙሪያውን የሚከብ ሰማያዊ እሳት ካዩ ኮላክተሩ (ካርቦኑ የሚነካው የሚዞር መዳብ) ተበልቷል፣ ይተዉት።

የጠረጴዛ መጋዙ ጊዜ የሚመጣው በሳምንት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ጠባብ ዝርግ እንጨት በርዝመቱ መሰንጠቅ ሲያስፈልግዎ ነው፤ አምስት በር ሲታዘዝዎ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ መለያ ብረቱና ክዳኑ የተሟሉለትን፣ መምሪያው ሲቆለፍ ከዲስኩ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚቆመውን፣ በ220 ቮልት የሚሠራውን ይፈልጉ፤ ሞተሩ ትልቅና ካርቦን የሌለው ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ሶኬትና ትክክለኛ መሬት መስመር ያስፈልገዋል። ለጊዜው ግን ሰርኩላሩን ገዝተው መጀመሪያ የሚቆርጡት የራሱን መምሪያ ይሁን፤ ቀጥሎ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ከኤምዲኤፍ ይሥሩ፣ ባሕር ዛፉ እስከዚያ በጥላ ሥር ይድረቅ።